ቤንዚን በቀዳሁ ቁጥር ሞተሬ እያሳለ ይጠፋል፣ ጥፋቱ የማደያው ነው ወይስ የኔ?

ጠያቂው ወንድማችን ያለው ባጭሩ ይሄ ነው፦ 125 ሲሲ፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ሚሰጠው ክፍል) ሞተር ሳይክል አለው። ማደያ ገብቶ ሙሉ አስቀዳ፣ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር እንደሄደ ሞተሩ ማሳል ጀመረ፣ ነዳጅ ሲሰጠው ይብስበታል፣ ከዛ ጭራሽ ጠፋ። ጋራዥ ካርቡሬተሩን አጥበውለት ተነሳ፣ በሳምንቱ ቀድቶ ሲወጣ ያው ደገመው። ማደያው ተመልሶ ሲናገር "ካንተ በፊትም በኋላም ስንት ሰው ቀድቷል፣ ማንም ምንም አላለም" ብለው ሸኙት። አሁን ሚጠይቀው ቤንዚኑ የተቀላቀለ ነው ወይ፣ በምን ላውቅ እችላለሁ፣ ውዱን ባለ ከፍተኛ ኦክቴን ብቀዳስ እገላገላለሁ ወይ ነው።

አይዞህ ወንድሜ፣ ንዴትህ በደንብ ይገባኛል። ሞተር ስጠግን 18 ዓመት አልፎኛል፣ በተለይ ዝናብ ሲበዛ ይሄንኑ ጥያቄ ይዞ ሚመጣ ሰው አይጠፋም። ያልከው ምልክት እኔን የሚያስጠረጥረኝ ውሃ ነው እንጂ የላምባ ወይ የናፍጣ ቅልቅል አይደለም። ውሃው ግን ከማደያው ይምጣ ወይ ከራስህ ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንክ) ክዳን ይግባ፣ እስካሁን በጻፍከው ብቻ ማንም ሊፈርድ አይችልም። ጋራዡም የተሳሳተው እዚ ጋ ነው፣ ካርቡሬተሩን ሲያጥቡልህ ማስረጃህንም አብረው ደፉት።

እስቲ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ያልካትን ነገር እንያት፣ ምክንያቱም ብዙ ነገር ተናጋሪ ናት። እንዳንተ አይነት ሞተር በ100 ኪሎ ሜትር ሁለት ሊትር አካባቢ ነው ሚበላው፣ ለአንድ ኪሎ ሜትር 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ካርቡሬተሩ ሥር ያለችው ኩባያ ደሞ፣ ተንሳፋፊው ያለባትን ማለቴ ነው፣ ምትይዘው ጥቂት ማንኪያ ቤንዚን ብቻ ነው። ስለዚ ከማደያው ስትወጣ የመጀመሪያዋን መንገድ ምትሄዳት በኩባያውና በቱቦው ውስጥ በቀረው በድሮው ቤንዚን ነው፣ እሱ አልቆ የአዲሱ ተራ ሲደርስ ሞተሩ ያስላል። ነዳጅ ስትሰጠው ሚብስበትም ዋናዋ ጄት (ቤንዚን ምታሳልፈው ቀጭን ቀዳዳ ያላት ብሎን) የኩባያው ወለል አጠገብ ስለሆነች ነው፣ ውሃ ከቤንዚን ይከብዳልና እዛው ወለሉ ላይ ነው ሚተኛው። የጄቷ ቀዳዳ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አትርቅም፣ የሚኒሞዋ (ነዳጅ ሳትሰጠው ሞተሩ ሚሠራባት) ደሞ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን ማትሞላበት ሞተር ብዙ ነው፣ እንዲህ ያለች ቀዳዳ ላይ አንዲት የውሃ ጠብታ ከተቀመጠች እንደ ውታፍ ነው ምትደፍናት።

አንድ ነገር ግን ከዚ በፊት ማጣራት አለብህ። ሞተሩ ሲጠፋብህ ምንም ሳትነካ የሰልባትዮውን ክዳን ክፈተው። አየር ሲስብ "ፍስስ" ሚል ድምፅ ከሰማህና ከዛ በኋላ ወዲያው ተነስቶ ልክ እንደ ድሮው ከሄደ፣ ችግርህ ቤንዚኑ ሳይሆን የክዳኑ መተንፈሻ መደፈኑ ነው። ቤንዚን እየወጣ በምትኩ አየር ካልገባ ሰልባትዮው ውስጥ ያለው ነዳጅ መውረድ ያቆማል፣ ሙሉ ስታስቀዳ ደሞ ከላይ ያለው የአየር ቦታ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ነው ሚያንቀው፣ ለዛም ነው ሰዉ "በቀዳሁ ቁጥር" ሚለው። ብዙ ሰው በዚች ምክንያት ከማደያ ሰራተኛ ጋር ተጣልቷል፣ ያሳዝናል።

አሁን ወደ "ሌላው ሰው አልተናገረም" እንምጣ። ይሄ መልስ እውነት ሊሆን ይችላል፣ ግን ያንተን ነገር ውሸት አያደርገውም። ፓምፑ ሲነሳ 100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጎትቶ አመጣ እንበል። ያቺ ውሃ 50 ሊትር ለሚቀዳ መኪና ከደረሰች ከጠቅላላው 0.2 በመቶ ናት፣ 5 ሊትር ለቀዳህ ላንተ ከደረሰች ግን 2 በመቶ ሆነች። ቤንዚኑ 10 በመቶ ኢታኖል (ቤንዚን ላይ ሚቀላቀል አልኮል) ካለበት እስከ ግማሽ በመቶ ገደማ ውሃ ራሱ ውስጥ አሟሙቶ ይይዛል፣ ስለዚ የመኪናው ሰውዬ ምንም ሳያውቅ አቃጥሏት ይሄዳል፣ ያንተ ግን ከዛ መጠን አልፎ ይለያይና ኢታኖሉ ውሃውን ይዞ ታች ይወርዳል፣ ላይ የቀረው ቤንዚን ደሞ ኢታኖሉን ስላጣ ኦክቴኑ (ያለጊዜው በራሱ እንዳይቀጣጠል ያለው መቋቋም) ይወርዳል። ሁለት ሰው ከአንድ ማሽን ቀድቶ አንዱ መንገድ ላይ ሚቀረው አንዱ ቤቱ ሚገባው እንዲህ ነው፣ ሁለቱም አልዋሹም።

ትንሽ ሰልባትዮ ያለን ሰዎች ሌላም ሚደርስብን ነገር አለ። በአንድ ቱቦ ሁለት ሦስት አይነት ቤንዚን ሚቀዳ ማሽን ላይ ከፊትህ ከቀዳው ሰው የተረፈ አንድ ሊትር ገደማ ቱቦውና ማሽኑ ውስጥ ይቀራል፣ እሱ መጀመሪያ ወዳንተ ነው ሚገባው። መኪና ላይ ምንም አይደለም፣ ሦስት ሊትር ለሚቀዳ ሞተረኛ ግን የቀዳው ሲሶ የሌላ ሰው ምርጫ ነው ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ 15 በመቶ ኢታኖል ያለው ቤንዚን እ.ኤ.አ. በ2011 ከ2001 ጀምሮ ለተሠሩ መኪኖች በሙሉ ሲፈቀድ ለሞተር ሳይክል እንደተከለከለ ነው የቀረው፣ የሞተረኞች ማህበራቸውም አጥብቆ ካነሳቸው ስጋቶች አንዱ ይሄው ቱቦ ውስጥ ሚቀረው ነገር ነበር። ስለዚ ለብቻው ቱቦ ያለውን ማሽን ካገኘህ እሱን ምረጥ፣ ካላገኘህም ሁለት ሁለት ሊትር እየቀዱ ከመመላለስ አንዴ በርከት አድርጎ መቅዳት ይሻላል።

ማስረጃው ሚገኘው ከጠርሙስ ነው። በጣም ንፁህና የደረቀ፣ ውስጡ ሚያሳይ ነጭ ጠርሙስ አዘጋጅ፣ ብርጭቆ ቢሆን ይመረጣል፣ ሁሉም ፕላስቲክ ቤንዚን አይችልም። ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ደጅ ላይ፣ እሳትና ሲጋራ በሌለበት። ካርቡሬተሩ ኩባያ ሥር ትንሽ ብሎን አለች፣ በካቻቢቴ ፈታ አድርጋትና ሚወርደውን ጠርሙሱ ውስጥ ተቀበል። ቀጥሎ የነዳጅ ቱቦውን ንቀልና የሰልባትዮውን መክፈቻ ሪዘርቭ ላይ አድርገህ ግማሽ ሊትር ያህል ጨምር፣ ሪዘርቭ ምልህ ከታች ካለው ስለሚስብ ነው፣ ውሃም ዝገትም ያለው እዛ ነው። በአፍህ ስበህ አታውጣ፣ በፍጹም፣ ቤንዚን ወደ ሳንባ ከገባ ሰው ይገድላል።

ከዛ ጠርሙሱን ከድነህ ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጠውና አትነካካው። ውሃ ካለ ታየዋለህ፣ ጠርሙሱን ቀስ ብለህ ስታዘነብለው ከሥሩ እንደ ዶቃ ክብ ክብ ያሉ ነገሮች እየተንከባለሉ ይሰበሰባሉ፣ ሲገናኙ ይዋሃዳሉ፣ ቀና ስታደርገው ደሞ ከቤንዚኑ ጋር ጥርት ያለ መስመር ይሠራሉ። ዝገት ካለበት ዶቃዎቹ ዙሪያ ቡናማ ብናኝ ተለጥፎ ነው ምታገኘው። ኢታኖል ባለበት ቤንዚን ግን ዶቃ ላታይ ትችላለህ፣ መጀመሪያ ድፍርስ ይላል፣ አድሮ ከሥር ወፈር ያለ ንብርብር ይሠራል። ጥሩ ቤንዚን ጥርት ያለ ነው፣ በጠርሙሱ ማዶ የጋዜጣ ጽሑፍ ማንበብ መቻል አለብህ። ቀለሙን ግን አትመን፣ አንዳንድ አቅራቢ ቢጫ አንዳንዱ ቀይ ወይ አረንጓዴ ቀለም ይጨምርበታል፣ ባለፈው ካየኸው ተለየ ማለት ተበላሸ ማለት አይደለም።

ኢታኖል ይኑርበት አይኑርበት ማወቅ ከፈለክ መስመር ያለው መለኪያ ሲሊንደር ላይ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርግና 90 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ጨምርበት፣ ከድነህ ነቅንቀው፣ አስር ደቂቃ አስቀምጠው። የታችኛው ውሃ እዛው 10 ላይ ከቆመ ኢታኖል የለም፣ ወደ 17 ወደ 18 ከፍ ካለ ወደ ታች የወረደው ኢታኖሉ ነው። ይሄ ሙከራ ኢታኖል አለ የለም ሚለውን ያሳይሃል እንጂ የቤንዚኑን ጥራት በሙሉ አይነግርህም።

ውሃ ካገኘህ በኋላም ቢሆን ወደ ማደያው ከመሮጥህ በፊት የራስህን ክዳን እይ። እዚ ላይ አንድ ታሪክ ልንገርህ፣ ዕቃ በሞተር ሚያመላልስ ልጅ በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ መጣብኝ፣ በየጊዜው ኩባያው ውሃ ነው፣ ማደያ ሦስት ቀይሯል፣ "ሁሉም ሌባ ነው" ብሎ ደምድሟል። በአራተኛው ክዳኑን ከፍቼ ሳየው ክዳኑ ከሰልባትዮው ጋር እኩል የተኛ አይነት ነው፣ ዙሪያውን ያለው ጎድጓዳ ላይ የቆመ ውሃ አለ። እዛ ጎድጓዳ ውስጥ የእርሳስ ጫፍ ምታክል ቀዳዳ አለች፣ የዝናብ ውሃ በሷ ገብቶ ሰልባትዮው ውስጥ ባለፈች ቀጭን ቧንቧ በኩል ወደ መሬት ነበር መውረድ ያለበት። አቧራና ጭቃ ደፍኗታል። ዝናብ ሲዘንብ ወይ ሞተሩን ሲያሳጥብ ውሃው እዛ ይጠራቀማል፣ ማደያ ሲደርስ ክዳኑን ሲከፍት ያ ሁሉ ውሃ ወደ ውስጥ ይገለበጣል! ከዛ ቀድቶ ይወጣል፣ ሦስት ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ያስላል። ማን ይጠረጠራል፣ ማደያው ነዋ። በቀጭን ሽቦ ከፍቼ አየር ነፋሁባት፣ የክዳኑን ጎሚኒ ቀየርኩለት፣ ከዛ ወዲህ በዚ ጉዳይ አልመጣም። ያንተም ክዳን እንዲህ አይነት ከሆነ ትንሽ ውሃ ጎድጓዳው ላይ ጠብ አድርግና ከሥር መሬት ላይ ሲንጠባጠብ እይ፣ ካልተንጠባጠበ መልስህን አገኘህ።

ይሄን ስል ማደያዎች ንፁህ ናቸው እያልኩ አይደለም። መሬት ሥር ያለው ታንክ ወለል ላይ ውሃ ይጠራቀማል፣ ከአየሩ እርጥበት፣ ከጎርፍ፣ በደንብ ካልተዘጋ መሙያ ጉድጓድ። ለዛ ነው መሳቢያው ቧንቧ ከወለሉ ከፍ ብሎ ሚሠራው፣ ለዛም ነው ጠንቃቃ ማደያ በየቀኑ መለኪያ ዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ሚቀየር ቅባት ቀብቶ ታንኩን ሚለካው። ቅባቱን መጠየቅ መብትህ ነው፣ "ዛሬ ውሃ ለክታችኋል?" ብለህ ስትጠይቅ መለኪያውን አውጥቶ ሚያሳይህ ማደያና ሚገላምጥህ ማደያ አንድ አይደሉም። ቦቴ እየገለበጠ እያለ ግን አትቅዳ፣ ከላይ በኃይል ሚወርደው ነዳጅ ወለሉ ላይ የተኛውን ውሃና ዝገት ያነሳዋል፣ ማሽኑ ላይ ያለው ፊልትሮ ደለሉን ሊይዝ ይችላል፣ ውሃውን ግን ለውሃ ተብሎ የተሠራ ካልሆነ ያሳልፈዋል። ታንኩ ሊያልቅ ሲልም እንደዛው ነው፣ ፓምፑ ቀስ እያለ እየተቆራረጠ ሚቀዳ ከሆነ ተወው፣ ሌላ ቦታ ሂድ።

ጠዋት በብርድ መቅዳት ያተርፋል ሚባለውን ደሞ እርሳው። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.1 በመቶ ገደማ ነው ሚለጠጠው፣ መሬት ሥር ያለው ታንክ ደሞ ጠዋትና ቀን ሙቀቱ ብዙም አይለያይም።

ላምባና ናፍጣ ቢቀላቀልስ? ምልክቱ ካንተ ይለያል። ላምባ የተቀላቀለበት ሞተር መንገድ ላይ ድንገት አይጠፋም፣ ጠዋት በብርዱ መነሳት እምቢ ይላል፣ ከተነሳም ማርሚታው ያጨሳል፣ ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት ደሞ ብረት በብረት እንደሚመታ ሚል ሹል ድምፅ ያሰማል፣ ምክንያቱም ላምባ የቤንዚኑን ኦክቴን ክፉኛ ያወርደዋል። ናፍጣ ከሆነ ካንዴላው (ብልጭታ ሚሰጠው) እርጥብና ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ስትነካው ጣትህ ላይ ቅባትነቱ አይለቅም። ቀላሉ ሙከራ ነጭ ማጣሪያ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ማድረግ ነው፣ ንፁህ ቤንዚን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ተንኖ ምንም እድፍ አይተውም፣ ላምባ ወይ ናፍጣ ካለበት የዘይት ክብ ይቀራል። ካንዴላህ ቀላ ብርቱካንማ ሆኖ ከወጣ ግን አትደንግጥ፣ ያ ኦክቴን ለማሳደግ ሚጨመር የማንጋኒዝ ወይ የብረት ውህድ ሚተወው ቀለም ነው፣ ሲበዛ ካንዴላ ያበላሻል እንጂ የቅልቅል ምልክት አይደለም።

ክብደት መለካት ያዋጣል ሚሉም አሉ፣ ልክ ናቸው ግን በግማሽ። በአውሮፓ ስታንዳርድ ቤንዚን በ15 ዲግሪ በሊትር ከ720 እስከ 775 ግራም መሆን አለበት፣ ላምባ 800 አካባቢ ነው፣ ናፍጣ ከ820 በላይ። አሁን አስበው፣ 740 ግራም ሚመዝን ቤንዚን ላይ አስር በመቶ ላምባ ብትጨምር 746 ነው ሚሆነው፣ በደንቡ ውስጥ ነው ያለው! ስለዚ ክብደቱ ከወሰኑ ከወጣ በእርግጥ ችግር አለ፣ ካልወጣ ግን ንፁህ ነው ማለት አይቻልም። ይሄን ቁርጡን ሚያወጣው ላቦራቶሪ ነው፣ ቤንዚኑን እያፈሉ በስንት ዲግሪ ተኖ እንዳለቀ ያያሉ፣ ቤንዚን በ210 ዲግሪ ማለቅ አለበት፣ ላምባ ግን ከዛ አልፎ ይሄዳል።

ስለ ኦክቴን የጠየቅከው ላይ ግልፅ ልሁን፣ ገንዘብህን አትጣል። ኦክቴን ማለት ቤንዚኑ በግፊትና በሙቀት ብቻ፣ ካንዴላው ሳይተኩስ በራሱ ጊዜ እንዳይቀጣጠል ያለው መቋቋም ነው፣ ጉልበት አይደለም፣ ንፅህናም አይደለም። ባለ 95 ውስጥ የገባ ውሃ ባለ 91 ውስጥ ከገባው ውሃ በምንም አይሻልም። እንዳንተ ያለ ሞተር ጭመቃው ብዙውን ጊዜ 9 ለ 1 ወይ 10 ለ 1 አካባቢ ነው፣ ለሱ መመሪያው ላይ የተጻፈው ይበቃዋል፣ 12 ለ 1 እና 13 ለ 1 ሚጨምቁት የሩጫ ሞተሮች ናቸው ከፍተኛውን የግድ ሚፈልጉት። ቁጥሩን ስታነጻጽር ደሞ ተጠንቀቅ፣ ሁሉም አገር በአንድ አይነት አይለካም፣ አንዳንዱ ጋ ፓምፑ ላይ 87 ተብሎ ሚጻፈው ሌላው ጋ 91 ከሚባለው ጋር ተቀራራቢ ነው። ኦክቴን ሚያስፈልግህ ያ ሹል ድምፅ ዳገት ላይ ሲመጣ ነው፣ ያኔ ማርሽ ቀንሰህ ነዳጁን አቅልል፣ አስገድደህ አትንዳው፣ በዚ ድምፅ ብዙ የተነዳ ፒስተን አናቱ ተበልቶ አይቻለሁ፣ ተቀልጦ እንደ ሰም ጠርዙ ወርዷል።

አሁን ምታደርገው። ሁለተኛ እንዲህ ሲሆን ካርቡሬተር ከመታጠቡ በፊት ሁለት ጠርሙስ ሙላ፣ አንዱን ለራስህ አስቀር፣ ሁለቱም ላይ ቀን፣ ሰዓት፣ የማሽኑን ቁጥርና የቀዳኸውን ሊትር ጻፍ፣ ደረሰኝ ያዝ። ከዛ በሰላም ሂድና ኃላፊውን ፊት ለፊት ከዛው ማሽን ሌላ ጠርሙስ ቅዱልኝ በለው፣ ሦስቱን አሰልፋችሁ እዩት። ያንተ ውሃ ኖሮት የነሱ ጥርት ካለ ወደ ክዳንህ ተመለስ፣ ወይ ደሞ ያኔ ብቻ የመጣች ውሃ ናት። ሁለቱም ውሃ ካላቸው ማንም ሊክድህ አይችልም፣ ነዳጅ ሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት ጋ ስትሄድም ይዘህ ምትሄደው ጠርሙስ እንጂ ብስጭት አይሆንም።

ሰልባትዮውን ስታጸዳ ሙሉ በሙሉ አውርደህ ገልብጠው፣ ትንሽ ንፁህ ቤንዚን ጨምረህ አንቀጥቅጠህ ድፋ፣ መክፈቻው ላይ ያለችውን ወንፊት እጠባት፣ ፊልትሮውን ቀይር፣ ርካሽ ነገር ነው አትሟገትበት። የወጣውን ቤንዚን መሬትና የፍሳሽ ቱቦ ላይ እንዳትደፋ፣ በጀሪካን አድርገህ የተቃጠለ ዘይት ሚሰበስቡ ጋ አስረክብ። የሞተሩን ዘይት መለኪያ አውጥተህ አሽትተው፣ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይ ዘይቱ ከመስመሩ ከፍ ካለ ደጋግመህ ስታስነሳው ቤንዚኑ ወደ ዘይቱ ወርዷል ማለት ነው፣ ዘይቱን ቀይረው። ባለ ኢንጀክሽን (በካርቡሬተር ፋንታ ቤንዚኑን በግፊት ሚረጭ) ሞተር ያላችሁ ይሄን ያነበባችሁ ደሞ፣ ውሃ ከጠረጠራችሁ እልህ ይዟችሁ ማስነሻውን ደጋግማችሁ አትጫኑ፣ ፓምፑ ቅባቱንም ማቀዝቀዣውንም ሚያገኘው ከቤንዚኑ ነው፣ ውሃ በ3 ባር ገደማ ግፊት ኢንጀክተር ውስጥ ማስገባት ደሞ ጥገናውን እጥፍ ያደርገዋል፣ ገፍታችሁ ውሰዱት።

በመጨረሻ ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ክዳኑን ፈትሽ፣ ጠርሙሱን አሳድርና ጠዋት ሳትነቀንቀው ብርሃን ላይ አድርገህ ፎቶ አንሳልኝ። ክዳኑ ከሰልባትዮው ጋር እኩል የተኛ ነው ወይስ ከላይ ሚጠመዘዝ፣ በሁለቱም ጊዜ ከመቅዳትህ በፊት ዝናብ ነበር ወይ ሞተሩን አሳጥበህ ነበር፣ ከአንድ ማሽን ነው ወይ የቀዳኸው፣ እነዚን ጻፍልኝና ከዛ አብረን እናየዋለን።